ቀይ ነጥብ ያለባቸው ቤቶች

ሳህሉ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይሆንለት ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጸሎት ምራ» ሲሉት ጉሮሮው ይደርቃል። በዕድር ስብሰባ ላይ የአባላቱን ስም ሲጠራ እንኳ ዓይኑን ከመዝገቡ አያነሣም። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ፣ ደንበኛ ሲመጣ «ስንት ኮፒ?» ከማለት ያለፈ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ስልኩ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር።

ቴሌግራም ላይ «ባለርስት» የሚባል ቻናል ነበር። ሲጀምር ቀልድና የእግር ኳስ ውጤት፣ አንዳንዴም የከተማውን የድሮ ፎቶ ይለጥፍ ነበር። ሰው ሁሉ ስለሳቀ ገባበት። ቀስ እያለ ግን «ይህ ሱቅ የማን ነው? ያ ፎቅስ የማን ነው?» ማለት አመጣ። ሳህሉ ለገበያው አዲስ ሱቆች ሦስት ጊዜ ዕጣ ወጥቶ ሦስቱንም ጊዜ ያጣ ሰው ነበርና ጥያቄው ልቡን ነካው። አንድ ቀን «ዝምተኛው» በሚል ስም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አጣሁ። ከሌላ አገር የመጣው ግን ሦስት አለው።»

እስከ ማታ ስድስት መቶ ሰው ልብ ሰጠው። የቻናሉ ባለቤት ራሱን «ገራዱ» ብሎ የሚጠራ፣ ፊቱን ማንም ያላየው ሰው ነበር። እሱም በግል ጻፈለት፦ «ወንድሜ፣ አንተ አፍ ላጣን ሰዎች አፍ ነህ።» በሕይወቱ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ሳህሉ መልእክቱን ሥራ ላይ ሆኖ ደጋግሞ አነበበው።

በሦስት ወር ውስጥ የቻናሉ ተከታይ ከስምንት መቶ ወደ ሃያ ሺህ ደረሰ። ቃላቱም አብረው ተለወጡ። መጀመሪያ «ነጋዴዎቹ» ነበር፤ ቀጥሎ «መጤዎቹ» ሆነ፤ ኋላ «አረም» መጣ። ሳህሉ አረም የሚለውን ቃል አልወደደውም። ቢሆንም ወንድሞቹ ስለጻፉት አውራ ጣቱን አደረገበት።

አንድ እሑድ ገራዱ ጻፈለት፦ «ምርጫው ደርሷል። ስሜት ብቻ አይበቃም፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። በሰፈራችሁ ማን ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ ወረቀት የምታገኝ አንተ ብቻ ነህ አሉኝ።»

ሳህሉ ማን እንዳለው አልጠየቀም። የዕድሩ መዝገብ ትዝ አለው።

መዝገቡ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነው። አባቱ ኤርሳዶ የዕድሩ ጸሐፊ በነበሩ ጊዜ የአባላቱን ስም በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው አስፍረውበታል። እሳቸው ከሞቱ ከዓመታት በኋላ፣ ሲያድግ፣ መዝገቡ ለልጃቸው ተላለፈ፤ ጽሑፉ ንጹሕ ነው ተብሎ። በአንዳንዶቹ ስሞች ጎን በቀይ እስክሪብቶ የተደረገ ነጥብ አለ። ነጥቡ ያለበት ሰው ሲሞት ቀብሩ ሆሳዕና አይደለም፤ ወደ ትውልድ ቀዬው ተወስዶ ከአባቶቹ ጎን ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጥሩምባ እንደ ተነፋ፣ ከድንኳኑም በፊት፣ ጸሐፊው መኪና ፈልጎ ማቆም አለበት። የነጥቡ ሥራ ይኸው ነበር።

ሳህሉ የመጀመሪያውን ገጽ በስልኩ አነሣና ላከ። ከሥሩም «ቀይ ነጥብ ያለባቸው አገራቸው ሌላ ነው» ብሎ ጻፈ። ከገራዱ በቀር የሚያየው ያለ አልመሰለውም።

ሰኞ ጠዋት ፎቶው «ባለርስት» ላይ ተለጥፎ አገኘው። «ከእኛ ጋር እየኖሩ አገራቸው ሌላ መሆኑን ራሳቸው የመሰከሩ አሥራ አንድ ቤቶች» ይላል ርእሱ። ቀትር ሳይደርስ አሥራ አራት ሺህ ሰው አየው። በዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ስም የአቶ ዳኘ ነበር።

አቶ ዳኘ ከኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት ድስት፣ ፍራሽና የፕላስቲክ ወንበር ይሸጣሉ። ከጉራጌው ጉመር የመጡት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው ነው፤ አሁን ከስድሳ አልፈዋል። ሀዲይኛ ሲናገሩ የሀዲያውን የሆመቾ ገበሬ ያስንቃሉ። ሳህሉን በየቀኑ መንገድ ተሻግረው ይተርቡታል፦ «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ስንት ቃል ተናገርህ? ሦስት ካለፈ ሻይ እጋብዛለሁ!»

ማክሰኞ ሲገቡ ግን አልቀለዱም። ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ፎቶው ተከፍቷል።

«ይህንን አየኸው?»

«አ... አየሁት፣ ጋሽ ዳኘ።»

«የአባትህ እጅ ጽሑፍ ነው።»

ሳህሉ ወረቀት ያስተካከለ መሰለ። «በለቅሶ ቀን መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ይሆናል። አንዱ መጥቶ አንሥቶት ይሆናል።»

አቶ ዳኘ ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ባለቤቴ ትርፌ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከሥሩ የተጻፈውን ልጆቹ አነበቡላት። ‹ቤታቸውን እናውቃለን› ይላል አንዱ። እኔ ደግሞ ምን አልኳት መሰለህ? መዝገቡ ሳህሉ ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ከእኛ ሰው አይደለም፣ ሌባ ነው፣ አልኳት።» ስልካቸውን አነሡ። «ልክ አልኩ አይደል?»

ሳህሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከሄዱ በኋላ የኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፍቶ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ። ለገራዱም «ለምን ለጠፍከው?» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ጀግና አይፈራም። ገጽ ሁለትን ላክ።»

አልላከም። ረቡዕ ዕለት ከአቶ ዳኘ ሱቅ ደጃፍ ሰው ተመናመነ። ድሮ የሚገዛውም የማይገዛውም ቆሞ ያወራበት የነበረ ደጅ፣ አሁን መንገደኛው ራመድ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከዝርዝሩ ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ ፈትሁዲን ማሽኑን ከበረንዳ ወደ ውስጥ አስገባ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥሩ ለባሽ ወጣት ፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤቱ ገባ። አዶናይ ይባላል፤ የአቶ ሀንዲሶ የምርጫ ዘመቻ አስተባባሪ ነው። አቶ ሀንዲሶ በከተማው የተከበሩ፣ ከረባት የማይለያቸው፣ ሠርግም ለቅሶም የማይቀሩ ዕጩ ናቸው። ከ«ባለርስት» ጋር ስማቸው ተነሥቶ አያውቅም።

«ሦስት መቶ ኮፒ» አለ አዶናይ። «ለቅዳሜው የሕዝብ ውይይት ነው።»

ሳህሉ ፋይሉን ከፈተ። «የነዋሪነትና የንግድ ቦታ ይዞታ ማጣሪያ፣ የመነሻ ዝርዝር» ይላል። አረም የሚል ቃል የለበትም፤ መጤ የሚልም የለበትም። ቁጥር አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ ከግርጌው የፊርማ ቦታ አለው። ስሞቹ ግን እነዚያው አሥራ አንዱ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው እንኳ አልተለወጠም። አንደኛ፣ ዳኘ።

«ይ... ይሄ ከየት መጣ?»

«ከሕዝብ ጥቆማ።»

«ቻናሉ ላይ ያለው አይደለም እንዴ?»

አዶናይ ሳቀ። «አቶ ሀንዲሶ ምን ይላሉ መሰለህ? ቻናሉ የወጣት ስሜት ነው፣ እኛ በዚያ ቋንቋ አንናገርም፤ ጥያቄው ግን የሕዝብ ጥያቄ ነው። ሕዝብ የጠየቀውን አጣርቶ መመለስ ደግሞ ሕጋዊ ነው። እሳት የጫረውን ትተህ ሙቀቱን መጠቀም ማለት ነው።»

ማሽኑ ወረቀቱን እየተፋ ነበር። ሳህሉ የሚሞቀውን ቁልል ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክሎ፣ ሳይወድ፣ እንደ ልማዱ አሳምሮ አሰረው። አዶናይ ተቀብሎ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ገጽ ሁለትን ግን እስከ ነገ እንጠብቃለን። ከቅዳሜ በፊት ቢደርስ ጥሩ ነው፣ ዝምተኛው።»

ሳህሉ ይህን የቴሌግራም ስሙን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

«ደግሞ አትጨነቅ» አለ አዶናይ። «ማን እንደ ላከው አንናገርም። አብረን እስከሆንን ድረስ።»

ዓርብ ጠዋት በአቶ ዳኘ ሱቅ የብረት በር ላይ ሰሃን የሚያህል ቀይ ክብ ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ወደ ታች ወርዶ ከመግቢያው ድንጋይ ደርሷል። ወይዘሮ ትርፌ ጨርቅ በጋዝ ነክራ ትፈገፍጋለች። ቀለሙ አልለቅ ብሎ እየሰፋ ይሄዳል። አላፊ አግዳሚው ያያል እንጂ ጨርቅ ያነሣላት የለም። ሳህሉም ኮፒ ቤቱን ከፍቶ፣ ቆሞ አይቶ፣ ተመልሶ ዘጋና ወደ ቤቱ ሄደ።

መዝገቡን ከሣጥን አውጥቶ ገጽ ሁለትን ገለጠ። ስልኩን አነሣ። ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። «ኤርሳዶ» ይላል። አጠገቡ ቀይ ነጥብ አለ።

አላወቀውም ማለት አይቻልም። አባቱ ከምባታ፣ የዶዮገና ሰው እንደ ነበሩ፣ እዚያው እንደ ተቀበሩም ያውቃል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከሬሳው ጋር መኪና ላይ ተቀምጦ ሄዷል። ግን በዚህ ሁሉ ወር «እነሱ» ሲል አባቱ ትዝ ብለውት አያውቁም። እናቱ የሆመቾ ሴት ናት፤ ሀዲይኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። እኛማ እንለያለን ይል ነበር።

ጓሮ ወጣ። እናቱ ወይዘሮ ብርቅዬ ከእንሰቱ ሥር ተንበርክካ የቆጮውን ጉድጓድ ቅጠል ትቀይራለች።

«አማ፣ አባዬ ይሄን ነጥብ ለምን ጀመረው?»

«አሁን ምን አስታወሰህ?» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አንድ ክረምት፣ አንተ ገና አልተወለድህም፣ አንድ የጉራጌ ሰው ሞተ። ሚስቱ አገሩ ውሰዱልኝ አለች። መኪና ጠፋ። ሁለት ቀን ሬሳው ቤት ውስጥ ዋለ። አባትህ ያኔ አፈረ። ‹በእኛ ዕድር እንዲህ ያለ ውርደት አይደገምም› አለና ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። ‹አንተ የት ነው የምትተኛው? አንቺስ?› እያለ። ሰው ሳቀበት። ‹ኤርሳዶ ገና በቁማችን ሊቀብረን ነው› አሉት።»

«እሱ ሲሞትስ?»

«ረሳኸው? ዳኘ አይደል በራሱ አይሱዙ የወሰደው! ደልቦ የሚባለው ዳገት ላይ መኪናው ጭቃ ሲይዘው ኮቱን አውልቆ ከጎማው ሥር ያነጠፈው። አንተ ስታለቅስ ብስኩት ገዝቶ አፍህ ውስጥ ያደረገልህ።» ቀና ብላ አየችው። «እኔም እዚያው ከአባትህ ጎን ነው የምተኛው። ነጥቤ አለች አይደል? አታጥፋብኝ።»

«አለች» አለ።

እናቱ ፊቱን አየች፤ መዝገቡንም፣ በእጁ የያዘውንም ስልክ አየች። ስለ ዝርዝሩ በገበያ ሰምታለች።

«ሳህሉ» አለች። «አንተ ነህ?»

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ቅጠሉን በጉድጓዱ አፍ ላይ አልብሳ ድንጋዩን ጫነችበትና «ዕድር የከዳን ሰው ዕድር አይቀብረውም» አለች። «እኔን ማን እንደሚያደርሰኝ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ያን ቀን ስልኩ አሥር ጊዜ ጮኸ። አላነሣውም። ከተናገረ ከዕድሩ ይባረራል፤ እናቱም ከአባቱ ጎን መተኛቷ ይቀራል። ዝም ካለ ቅዳሜ ዝርዝሩ በአዳራሽ ይነበባል፤ የተነበበ ነገር ደግሞ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ በቃለ ጉባኤ የተያዘን ነገር ደግሞ ማንም ጥፋት ነው አይለውም።

ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ወጣቶቹ ከፊት ተሰልፈው ተቀምጠዋል። አቶ ዳኘ ከሚስታቸውና ከፈትሁዲን ጋር ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከመካከል የዕድሩ ሰብሳቢ መምህር ኃይለ ማርያም፣ ከሰማንያ ያለፉት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ታቅፈዋል። ሳህሉ ከእሳቸው ኋላ መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጓል።

አቶ ሀንዲሶ ለስላሳ ተናጋሪ ናቸው። «እኛ ማንንም አንጠላም» አሉ። «ጉራጌውም፣ ከምባታውም ወንድማችን ነው። ግን ቤት ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ቢቆጥር ጥላቻ ነው ወይ?»

«አይደለም!» አሉ ከፊት ያሉት።

«የምንጠይቀው ማጣራት ብቻ ነው። ሰላማዊ፣ ሕጋዊ ማጣራት። አዶናይ፣ ዝርዝሩን አንብብልን።»

አዶናይ ተነሥቶ ወረቀቱን ዘረጋ። «ተራ ቁጥር አንድ፣ አቶ ዳኘ...»

ከፊት ጭብጨባ ተነሣ። ሳህሉ ዞሮ አየ። አቶ ዳኘ ወደ አዶናይ አልነበረም የሚያዩት። ወደ እሱ ነበር።

እግሩ እንዴት እንደ ቆመ አያውቅም።

«ገጽ... ገጽ ሁለት አለ» አለ።

ማንም አልሰማውም። መምህር ኃይለ ማርያም ብቻ ዞር አሉና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። «ዝም በሉ! ይህ ልጅ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው የተናገረው!»

ጥቂት ሰው ሳቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አዶናይ ፊቱ በራ፤ ለአቶ ሀንዲሶ በጆሮአቸው ሹክ አለ። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። «ጎሽ! የዕድሩ ጸሐፊ ነው አሉኝ። ና፣ ልጄ፣ ሙሉውን አንብበው።»

ሳህሉ አልወጣም። እዚያው እንደ ቆመ ጋዜጣውን ገልጦ መዝገቡን ከፈተ።

«ሦስተኛ መስመር፣ ኤርሳዶ። ቀይ ነጥብ አለበት። ዶዮገና። ይሄ አባቴ ነው። አራተኛ፣ ብርቅዬ። ቀይ ነጥብ አለባት። እናቴ ነች። ሰባተኛ፣ ወለተሥላሴ። ቀይ ነጥብ፣ ፎንቆ። ዘጠነኛ፣ መምህር ኃይለ ማርያም። ቀይ ነጥብ፣ ሆመቾ።»

«እኔም አለብኝ?» አሉ መምህሩ። «ታዲያ እኔ ከየት መጣሁ ልበል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከፊት የተሰለፉት እንኳ አንዳንዶቹ አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ሀንዲሶ አልሳቁም።

«ልጄ፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። የፎንቆና የሆመቾ ሰው እኮ የእኛው ሀዲያ...»

«ነጥቡ አንድ ነው» አለ ሳህሉ። ቃሉን እንደ ድንጋይ ነው የሚያወጣው። «ነጥቡ ሰው ሲሞት መኪና የሚጠራበት ነው። አባቴ ነው ያደረገው። አባቴን ዶዮገና ያደረሰው ጋሽ ዳኘ ነው። ለ‹ባለርስት› ፎቶውን የላክሁት... እኔ ነኝ። ዝምተኛው እኔ ነኝ። እሱን ወረቀት ያተምሁትም እኔ ነኝ።»

ሳቁ ተቆረጠ። ከፊት አንዱ «ከሃዲ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተከተለው። ከኋላ ደግሞ ወይዘሮ ትርፌ «አንተ? አንተ ሳህሉ?» ስትል ተሰማ፤ ከጩኸቱ ሁሉ የእሷ ድምፅ በለጠ። አንድ የውኃ ፕላስቲክ መጥቶ ትከሻውን መታው። አቶ ሀንዲሶ ድምፅ ማጉያውን አቀረቡና፣ ፈገግታቸው ሳይለወጥ፣ «ማጣሪያው መረጃው ሲሟላ ይቀጥላል። ውይይቱ ለሌላ ቀን ተላልፏል» አሉ።

ዝርዝሩ ያን ቀን ከመጀመሪያው ስም አላለፈም። «ባለርስት» ግን ሳይመሽ የሳህሉን ፎቶ ግንባሩ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጎ ለጠፈው። ትናንት ወንድሜ ይሉት የነበሩት ከሥሩ ምን እንደ ጻፉ አንብቦ አልጨረሰውም። ቻናሉን ከስልኩ አጠፋ።

እሑድ ከአምልኮ መልስ ዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ሳህሉ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ራቅ ብሎ ቆመ። እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች።

«ይባረር» አለ ፈትሁዲን። «ልጆቼ ትምህርት ቤት አልሄዱም ሳምንቱን በሙሉ። ይቅርታ ካለም ለእሱ አይደለም፣ ለእናቱ ነው።»

ብዙዎች ተስማሙ። ወለተሥላሴ ግን «እናትና ልጅ እንደ አንድ ቤት ነው የተመዘገቡት። እሱን ስታባርሩ ብርቅዬን ማን ይቀብራል?» አለች። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ መምህር ኃይለ ማርያም ወደ አቶ ዳኘ ዞሩ። «የተበደልከው አንተ ነህ። ተናገር።»

አቶ ዳኘ ቶሎ አልተነሡም።

«ማክሰኞ ጠይቄው ዋሸኝ» አሉ። «ያ ነው የሚያመኝ። ፎቶውን እንኳ ልረሳው እችል ይሆናል፤ ፊቴ ቆሞ መዋሸቱን ግን ገና አልረሳሁትም። ይቅር ብያለሁ አልልም፤ ብል ውሸት ነው።» መዝገቡን ከጠረጴዛው አነሡ። «ግን ሬሳ አይከሰስም። ብርቅዬን የማደርሳት እኔ ነኝ። እሱ መጻፉን ያቁም። መዝገቡም ያለ ነጥብ ይገልበጥ፤ ቀይ ነጥብ ከእንግዲህ በወረቀት ላይ አይኖርም።»

«ታዲያ ማን የት እንደሚተኛ በምን እናውቃለን?» አለች ጣቢታ፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጸሐፊነቱ ለእሷ ሊሰጥ ነው።

«በቃል» አሉ አቶ ዳኘ። «ከአፍ የሚነጥቀን ፎቶ የለም። ሁላችንም እናጥናው።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከሰባ በላይ ቤት ነው። ከመዝገቡ ውጭ ሁሉንም የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አቶ ዳኘ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያናግሩት ወደ ሳህሉ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ና ወደዚህ» አሉት። «መሐል ቁም። ከእኔ ጀምር።»

ሳህሉ መሐል ገባ። ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ሰባ ጥንድ ዓይን አየው። ዓይኑን የሚጥልበት መዝገብ አልነበረውም።

«ጋሽ ዳኘ» አለ። «ጉመር።»

«ጉመር» አሉ ሰዎቹ፤ መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ቀጥሎ ብዙዎች። ፈትሁዲን አፉን አልከፈተም።

«ፈትሁዲን» አለ ሳህሉ። ቆመ። «ቸሃ።»

«ቸሃ» አሉ።

ፈትሁዲን መሬት መሬት እያየ ቆየ። ሳህሉ ወደሚቀጥለው ስም አላለፈም፤ ጠበቀ። ከአጥሩ ውጭ ሞተር ሳይክል ቆመ፤ አንድ ወጣት በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ስልኩን አሾለከ። ሁሉም አየው። ማንም ግን አልተነሣም።

«ቀጥል እንጂ» አለ ፈትሁዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኤርሳዶን በል። እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። ዶዮገና።»